የበደሳ እንዶድና ሳሙና የሚያስቆጣው ቆዳ

በዚህ ጽሑፍ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጨርጨር ተራሮች አብረን እንጓዛለን። የምንደርስባት ከተማ በደሳ ትባላለች። ጉዳያችን በየቤታችን በየሳምንቱ የምናየው፣ ግን ባልና ሚስት ቁጭ ብለን ብዙም የማንነጋገርበት ነገር ነው። እርሱም ልብስ ማጠብና ሳሙና የሚያስቆጣው ቆዳ ነው።

ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ አዳማን፣ መተሐራንና አዋሽን አልፎ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ ሙቀቱ እየበረታበት ይሄዳል። አሰቦትንና ሚኤሶን ካለፈ በኋላ ግን መንገዱ ወደ ተራራው መውጣት ይጀምራል፤ አየሩም ይቀዘቅዛል። ጭሮ ሲደርስ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል ማለት ነው። ዕድሜ የጠገቡት ሰዎች ጭሮን ዛሬም አሰበ ተፈሪ ይሏታል። ከጭሮ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው መንገድ በኩኒ ደጋ በኩል አልፎ ወደ በደሳ ይወስዳል፤ ከዚያም ወደ ገለምሶ ይቀጥላል። በግራና በቀኝ ማሽላ፣ ጫትና ቡና ይታያል። የኢቱ ኦሮሞ የገዳ ማዕከል የሆነው ኦዳ ቡልቱም የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው፤ በጭሮ የተከፈተው ዩኒቨርሲቲም ስሙን የወሰደው ከዚያ ነው።

ወደ በደሳ የሄድነው የባለቤቴን አክስት ልንጠይቅ ነበር። ሆኖም ከእኛ ጋር አብሮን የተጓዘ አንድ የቤት ችግር ነበረን። ባለቤቴ ልብስ ባጠበች ማግሥት ጣቶቿ ይቀላሉ፤ ቆዳው ይደርቃል፤ በመገጣጠሚያው ላይ ተሰንጥቆ ይደማል። በዚያ እጅ ሽንኩርት ስትከትፍ ሥቃዩ ሌላ ነው። የሁለት ዓመት ልጃችንም በክርኑና በጉልበቱ መታጠፊያ ላይ ችፌ አለበት። ሌሊት እያከከ ይነቃል፤ እርሱ ሲነቃ እኛም እንነቃለን። እንቅልፍ ባጣ ቤት ውስጥ ደግሞ ትንሹም ነገር ጠብ እንደሚሆን ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል።

ከአክስታችን ጓሮ

አክስታችን በወተት የተፈላ ሆጃ እየቀዱልን የባለቤቴን እጅ አዩና ጀበናውን አስቀመጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን እጅሽን ምን በላው?»

«ሳሙና ነው አክስቴ። ልብስ ባጠብሁ ቁጥር እንዲህ ይሆናል።»

«አቦ፣ እናንተ የከተማ ሰዎች ዱቄቱን እንደ በርበሬ ነው የምትነሰንሱት! ነገ እኔ ነጠላ የማጥብበትን አሳይሻለሁ።»

በማግሥቱ ከጓዳ አንድ ቆርቆሮ አወጡ። በውስጡ የደረቁ፣ ጥቁር ቡናማ የሆኑ ትንንሽ ፍሬዎች ነበሩ። እንዶድ ነው፤ በኦሮምኛ አንዶዴ ይሉታል። ተክሉ በአጥርና በዛፍ ላይ የሚንጠላጠል ቁጥቋጦ ሲሆን በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ በብዙ ቦታ ይበቅላል። ፍሬው ለማጠቢያ የሚለቀመው ሳይቀላ፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው፤ ከዚያም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል።

አክስታችን አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ፍሬውን በሙቀጫ ወቀጡት። ብናኙ ያስነጥሳልና ልጆቹን ከአጠገባቸው አራቋቸው። የተወቀጠውን በውሃ ዘፍዝፈው ጥቂት ካቆዩት በኋላ በቀጭን ጨርቅ አጠለሉት፤ ገለባው ከልብሱ ላይ እንዳይጣበቅ ነው። ውሃውን በእጃቸው ሲመቱት ነጭ አረፋ ሳፋውን ሞላው። ነጠላው በዚያ ውስጥ ታሸ፤ ሦስት ጊዜ ተለቀለቀ፤ ገመድ ላይ ተሰጣ። ሲደርቅ ምንም ሽታ አልነበረውም። የሳሙና ሽቶ የለመደ ሰው «ታጥቧል ወይስ አልታጠበም?» ብሎ ሊጠራጠር ይችላል፤ ነጠላው ግን ነጭ ነበር።

ባለቤቴም አብራቸው አጥባ ነበር። ማታ ስጠይቃት፣ «ጤነኛው ቆዳ ደኅና ነው፤ እንደ ወትሮው አልደረቀብኝም። ስንጥቁ ላይ ግን ቆጠቆጠኝ» አለችኝ። ይህችን መልስ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

በእንዶድ ውስጥ ያለው ነገር

እንዶድ አረፋ የሚሠራው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ነው። ሳፖኒን እንደ ሳሙና ሁሉ ሁለት ጠባይ አለው። በአንድ ወገኑ ውሃን፣ በሌላው ወገኑ ቅባትን ይይዛል። ስለዚህ በልብስ ላይ ያለውን ቅባትና እድፍ ከውሃው ጋር አያይዞ ይወስደዋል። ይህ ለአገራችን ብቻ የተሰጠ ጥበብ አይደለም። በህንድ «ሪታ» የተባለውን የዛፍ ፍሬ ሱፍና ሐር ሲያጥቡበት ኖረዋል። በአውሮፓ አንድ የአበባ ተክል፣ በአሜሪካም የዩካ ሥር ለዚሁ አገልግሎት ውለዋል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችንም በኤርምያስ 2፥22 ላይ እንዶድን ከሳሙና ጋር ይጠቅሰዋል። በዚያ ስፍራ የተነገረው በእስራኤል አገር ይታወቅ ስለነበረ ማጠቢያ ቢሆንም፣ ተርጓሚዎቹ ያገራችን አንባቢ ወዲያው የሚረዳውን ቃል መምረጣቸው እንዶድ በየቤቱ ምን ያህል የታወቀ እንደነበረ ያሳያል።

እንዶድን ለዓለም ያስተዋወቁት ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶ/ር አክሊሉ ለማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ ውስጥ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ቀንድ አውጣው ከሞተ የበሽታው መንገድ ይቋረጣል። ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመታት በአድዋ በተካሄደው ሙከራ፣ በበሽታው የተያዙት ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ቁጥር ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዶ/ር ለገሰ ወልደዮሐንስም የተለያዩ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው በማጥናት የተሻለ ፍሬና ኃይል ያላቸውን መረጡ። ሁለቱ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አብረው ተቀበሉ። ዶ/ር አክሊሉ በ1997 አረፉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ ምርምር የተጀመረው ልብስ የሚያጥቡ እናቶች የሚያደርጉትን ቆም ብሎ በማየት ነው።

ከተፈጥሮ የተገኘ ሁሉ አይጎዳም?

ብዙዎቻችን «ኬሚካል የለበትም፣ የተፈጥሮ ነው» የሚለውን ቃል ስንሰማ ልባችን ወዲያው ያርፋል። ነገር ግን ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር ዓሣንም ይገድላል። ለሰውም ቢሆን እንዶድ ሲዋጥ መርዝ ነው። ጽንስ ለማቋረጥ ብለው ጠጥተውት ሕይወታቸውን ያጡ ሴቶች አሉ። ስለዚህ በቤታችሁ እንዶድ ካለ የሚከተለውን ጠብቁ።

ፍሬውንም ዱቄቱንም ልጆች በማይደርሱበት ቦታ፣ ከምግብ ዕቃ ለይታችሁ አስቀምጡ። የምትወቅጡበት ሙቀጫ ቡናና ቅመም የሚወቀጥበት አይሁን። ስትወቅጡ አፍንጫችሁንና ዓይናችሁን ጠብቁ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠቡት። ያጠባችሁበትን ውሃ ወንዝ፣ ኩሬ ወይም ከብት የሚጠጣበት ቦታ አትድፉት፤ ደረቅ መሬት ላይ ድፉት። በተሰነጠቀና በቆሰለ እጅም አትንኩት። የባለቤቴን መልስ ያዙልኝ ያልኋችሁ ለዚህ ነው። ሳፖኒን ቅባትን ከልብስ እንደሚያነሣ ሁሉ ክፍት የሆነውን ቆዳም ይቆጠቁጣል።

የእንጨት አመድስ? አያቶቻችን አመድ ዘፍዝፈው ባጠለሉት ውሃ ልብስ ያጥቡ ነበር። ቅባት በማስለቀቅ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን የአመድ ውሃ ቆዳን በጣም የሚያቃጥል አልካሊ ነው። ቆዳው ለሚቆጣ ሰው ከሱቁ ሳሙና የባሰ ይሆንበታል እንጂ አይሻለውም።

ቆዳ ለምን ይቆጣል?

እግዚአብሔር ቆዳችንን ሲፈጥር በላዩ ላይ ቀጭን የቅባት መከላከያ አድርጎበታል። ጤነኛ ቆዳ በጥቂቱ ወደ አሲድነት ያዘነበለ ነው፤ የልብስ ሳሙና ውሃ ግን አልካሊ ነው። እጅ በሳሙና ውሃ ውስጥ ለሰዓታት ሲቆይ ቅባቱ ይታጠባል፤ መከላከያውም ይላላል። ውሃ ራሱ ሲደጋገም ቆዳን ያደርቃል። በዱቄት ሳሙና ውስጥ የሚጨመረው ሽቶ ደግሞ በአንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ያስነሣል። በእጅ ስናጥብ ማሸቱና መጭመቁ ሲታከልበት የላላው ቆዳ ይሰነጠቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ስለ ሳሙና ስናስብ ቶሎ የሚታየን ልብሱን የሚለብሰው ልጅ ነው። ነገር ግን በሚገባ በተለቀለቀ ልብስ ላይ የሚቀረው ሳሙና እጅግ ጥቂት ነው። ሙሉውን ሳሙና ለረጅም ሰዓት የሚቀበለው የአጣቢው እጅ ነው። ከለባሹ ይልቅ አጣቢው ይጎዳል ማለት ነው። የልጁ ችፌ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በተፈጥሮው ደረቅና ስሱ ከሆነ ቆዳ ነው፤ ሳሙናው ያባብሰዋል እንጂ ብቻውን አያመጣውም። የእናት እጅ መሰንጠቅ ግን በአብዛኛው ከዚያው ከሳፋው የሚመጣ ነው።

ስለዚህ ሳሙና ብቻ ለውጠን ሁሉም ነገር እንዲስተካከል መጠበቅ የለብንም። ለልጁ ገላውን ለብ ባለ ውሃ አጥቦ፣ ሳይደርቅ ቫዝሊን መቀባት ትልቁ እርዳታ ነው። ከዚያ ያለፈውን ሐኪም ይየው። አንድ ጥንቃቄም እንጨምር። በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ማታ ማታ የሚያክከው ከሆነ፣ በተለይም በጣቶች መካከል፣ ችፌ ሳይሆን እከክ ሊሆን ይችላል። እከክ በመድኃኒት እንጂ በሳሙና ለውጥ አይድንም፤ መላው ቤተሰብም በአንድ ጊዜ መታከም አለበት።

በቤታችሁ ልትሞክሩት የምትችሉት

አንደኛ፣ ሳሙናውን ቀንሱ። አረፋ መብዛቱ ልብሱ መንጻቱን አያሳይም። የለመዳችሁትን ዱቄት በግማሽ ቀንሳችሁ ሞክሩ፤ ላብና አቧራ ብቻ ያለበት ልብስ ብዙ ጊዜ በዚያው ይነጻል። የአንገትና የእጅጌ እድፍ ላይ ብቻ ደረቅ ሳሙና አሹበት።

ሁለተኛ፣ ሽቶ የሌለውን ምረጡ። ሽቶና ቀለም የሌለው ተራ ደረቅ ሳሙና ተፈቅፍቆ በሙቅ ውሃ ቢሟሟ ጥሩ የማጠቢያ ፈሳሽ ይወጣዋል። ለሕፃን ልብስ የሽታ ማሳመሪያ ፈሳሽ አያስፈልግም። አዲስ የተገዛ ልብስም ከመልበሱ በፊት ይታጠብ።

ሦስተኛ፣ ሁለት ጊዜ አለቅልቁ። በመጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ ለአንድ ሳፋ ውሃ ግማሽ የቡና ሲኒ ነጭ ኮምጣጤ ቢጨመር የቀረውን የሳሙና ቅሪት ለማስለቀቅ ይረዳል። ነገር ግን ኮምጣጤንም ሎሚንም ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ ሳንባን የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

አራተኛ፣ እጃችሁን ሸፍኑ። የጎማ ጓንት ከውስጡ ቀጭን የጥጥ ጓንት ቢኖረው ላቡን ይይዘዋል። ካጠባችሁ በኋላ እጃችሁን በንጹሕ ውሃ ታጥባችሁ ወዲያው ቅባት ተቀቡ፤ ማታም ደግማችሁ ተቀቡ።

አምስተኛ፣ እንዶድ ከተገኘ ለነጠላ፣ ለጋቢና ለጥጥ ልብስ ተጠቀሙበት። ከሁሉ አስቀድማችሁ በአንድ ልብስ ሞክሩ። ከሕፃን ልብስና ከዳይፐር ጨርቅ ግን አርቁት።

ስድስተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ሦስት ወይም አራት ሳምንትም ጠብቁ። ሳሙናውን፣ ቅባቱንና ምግቡን በአንድ ቀን የለወጠ ሰው የቱ እንደረዳው አያውቅም።

የውሃው ነገር

ይህን ስጽፍ አንዲት የበደሳ እናት «ሁለት ጊዜ አለቅልቁ ማለት ለእናንተ ቀላል ነው» ስትለኝ ይሰማኛል። ትክክል ናት። ውሃ በ20 ሊትር ጀሪካን በሚቀዳበት ቤት አንድ ተጨማሪ ማለቅለቂያ ማለት አንድ ተጨማሪ ጀሪካን ማለት ነው። በብዙ ቤት ጀሪካኑን የምትሸከመው ደግሞ እጇ የተሰነጠቀው ያችው እናት ናት።

አክስታችን ለዚህ የራሳቸው ብልሃት አላቸው። መጀመሪያ ያልቆሸሸውን ነጭ ልብስ ያጥባሉ፤ በዚያው ውሃ ቀለም ያለውን፣ በመጨረሻም የሥራውን ልብስ ያጥባሉ። ሁለተኛውን የማለቅለቂያ ውሃ አይደፉትም፤ ለቀጣዩ ልብስ መጀመሪያ ማለቅለቂያ ይሆናል። በሳሙና የታጠበበት ከሆነ የመጨረሻው ውሃ ግቢውን ይጠርጋል። ሳሙናው ሲቀንስ ደግሞ ማለቅለቂያውም ይቀንሳል። ውሃን፣ ገንዘብንና ቆዳን በአንድነት የሚያድነው እንግዲህ ዱቄቱን መጠን ማድረግ ነው። ሱቅ ያለውን የውድ ዋጋ «ለስላሳ ቆዳ» ሳሙና መግዛት የማይችል ቤተሰብም ይህን ማድረግ ይችላል።

ሳፋው የማን ነው?

እኛ ከበደሳ ስንመለስ አክስታችን ያሰሩልንን እንዶድ ይዘን ነበር። ለነጠላና ለጋቢ እንጠቀምበታለን። ለሌላው ልብስ ሽቶ የሌለውን ደረቅ ሳሙና መረጥን። ልጃችን ቅባቱና ሐኪም የሰጠው መድኃኒት አንድ ላይ ረድተውት የተሻለ ይተኛል፤ ችፌው ግን አልፎ አልፎ ይመለሳል። በባለቤቴ እጅ ላይ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን እንዶዱም ሳሙናውም አይደለም። የቅዳሜውን እጥበት ለሁለት ተካፈልነው። እርሷ የልጁን ቀላል ልብሶች በጓንት ታጥባለች፤ አንሶላው፣ ጂንሱና ብርድ ልብሱ የእኔ ነው። ቆዳዋ ለማገገም የሚያስፈልገው ከውሃ ውጭ የሚያርፍበት ጊዜ ነበር፤ ያንን ጊዜ ደግሞ ከሱቅ መግዛት አይቻልም።

ውድ ባለ ትዳሮች፣ ስለ ፍቅር ብዙ ትምህርት እንሰማለን፤ መልካም ነው። በሚመጣው ቅዳሜ ግን ሳፋው ከመውጣቱ በፊት አንዳችሁ የሌላውን እጅ ያዙና መዳፉን ገልብጣችሁ እዩት። የተሰነጠቀ ካለ ምን እንደሚያስፈልገው ጠይቁ። መልሱ ምናልባት ሌላ ሳሙና ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም ሌላ ጥንድ እጅ።

ሰላም ሁኑ።